ምዕራፍ 7፦ የጠብታ ሒሳብ

ድመታችን የወለደችው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ያዘጋጀንላትን ካርቶን አንድ ጊዜ አሽትታ ናቀችውና የክረምት ልብስ የታጨቀበትን የታችኛውን መሳቢያ መረጠች። ያኔ ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ፣ ሰባት አባወራ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ተከራይቼ እኖር ነበር። በሦስተኛው ቀን አራቱን ግልገሎች ልቆጥር ጎንበስ ስል፣ የአንደኛዋ ሮዝ ሆድ ላይ ቡናማ ነጥብ ስትሮጥ አየሁ። ቀጥሎ ሌላ። ጸጉሩን ገለጥ ሳደርገው ደግሞ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል።

ወሬው ግቢውን ለማዳረስ ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። አከራያችን እማማ በራፌ ላይ ቆመው፣ «ምን ያስጨንቅሻል ልጄ፤ ነጭ ጋዝ በጥጥ ነክረሽ አሸት አሸት ማድረግ ነው» አሉኝ። ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤቴ አባቱ ለከብት መዥገር የሚጠቀሙበት ዲያዚኖን እንዳለ ነገረኝ፤ «አንድ ጠብታ ብቻ!» አለ፣ ጠብታዋን በጣቱ ጫፍ እያሳየ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያ ሁላችሁም የምታውቁት ድምፅ ማጉያ በሰፈሩ አለፈ፦ የአይጥ፣ የበረሮ፣ የትኋን፣ የቁንጫ!

ሁሉም ለኔና ለድመቶቹ አዝነው ነው። ምክራቸው ግን የግልገሏን መጠን የረሳ ምክር ነበር። በምዕራፍ 5 ስለ መዥገር ስናወራ መድኃኒት የሚለካው በእንስሳው ክብደት ነው ብለን በአንድ መስመር አልፈነው ነበር። ያንን መስመር አሁን እንመለስበት፤ የዚህ ምዕራፍ ነገር ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሁለት ዕንቁላል የምታህል ፍጥረት

አዲስ የተወለደች የድመት ግልገል 100 ግራም ገደማ ትመዝናለች። ሁለት የሀበሻ ዕንቁላል እንደ ማለት ነው። በዚያች ገላ ውስጥ የሚዞረው ደም 7 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጥቂት ይተርፋል።

አሁን ቁንጫዋን እንያት። ደም የምትመጠው ለራሷ ብቻ አይደለም፤ ዕንቁላል የምትጥል ሴት ቁንጫ በቀን እስከ 13.6 ማይክሮ ሊትር ደም ትወስዳለች። ማይክሮ ሊትር ማለት የአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሺህኛ ነው። ቁጥሩ ለብቻው ሲታይ ምንም አይመስልም። የራሷን ክብደት 15 ጊዜ ያህል መሆኑ ግን ያስደነግጣል። ሰባ ሁለት እንዲህ ያሉ ቁንጫዎች በአንድ ቀን አንድ ሚሊ ሊትር ይጨርሳሉ። ከሰባት አንዱን!

ይህንን ወደ ሰው እናምጣው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ4 ሊትር በላይ ደም አለው። ከሰባት አንድ እጁ ከግማሽ ሊትር ያልፋል። ደም ባንክ ሄዳችሁ ስትለግሱ የሚቀዳው ከግማሽ ሊትር ያነሰ ነው፤ ለስላሳና ብስኩት ተሰጥቷችሁ፣ ሦስት ወር ሳይሞላ እንዳትመለሱ ተነግሯችሁ ትሸኛላችሁ። ግልገሏ ግን በማግስቱም ትለግሳለች። ከነገ ወዲያም።

ትልቅ ድመትን ቁንጫ ያሳክካታል፤ ግልገልን ግን ሊገድላት ይችላል። አሟሟቷም ጩኸት የለውም። ድዷ ይነጣል፣ ጡት መሳቧን ትቀንሳለች፣ ትቀዘቅዛለች፣ ከወንድሞቿ ፈንጠር ብላ ትተኛለች። ጤነኛ ግልገል ድዷ ሮዝ ነው፤ እንደ ወረቀት የነጣ ድድ ካያችሁ ለነገ የሚባል ነገር የለም፤ ወደ እንስሳት ሐኪም ነው።

ጥቁሩ ብናኝ ቆሻሻ ይሁን የቁንጫ ኩስ ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ ጣሉት። አፈር ከሆነ አፈር ሆኖ ይቀራል፤ የቁንጫ ከሆነ ዙሪያውን ዝገት የመሰለ ቀይ ቀለም ይለቃል። ያ ቀለም የግልገሏ ደም ነው። ይህን ደረቅ ደም አስታውሱት፤ በኋላ ሌላ ቦታ እናገኘዋለን።

ያቺው ጠብታ

የጎረቤቴን አንድ ጠብታ እንመዝናት። በአገራችን ለከብት የሚሸጠው ዲያዚኖን ብዙ ጊዜ 60 በመቶ የሆነው ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 600 ሚሊ ግራም መርዝ አለ ማለት ነው። ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሞላል ብንል አንዷ ጠብታ 30 ሚሊ ግራም ትይዛለች። 100 ግራም በምትመዝን ግልገል ላይ ይህ ምን ያህል ነው? በ60 ኪሎ ሰው ልክ ስናባዛው ያልተበረዘውን መድኃኒት ግማሽ የቡና ሲኒ ቆዳው ላይ እንደ ማፍሰስ ይሆናል። ገበሬው እንኳ ላሙን በዚያ አያጥብም፤ በብዙ ውሃ በርዞ ነው።

«አይቨርሜክቲን ላስወጋትስ?» የሚል አይጠፋም፤ በየእንስሳት መድኃኒት ቤቱ የሚገኝ መርፌ ነውና። የተለመደው 1 በመቶ የሆነው ነው። ለ50 ኪሎ እንስሳ 1 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። በዚያው ሒሳብ ለግልገሏ የሚደርሳት 0.002 ሚሊ ሊትር ነው፤ የአንዲት ጠብታ ሃያ አምስተኛ። የአንድ ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ላይ ያለችው ትንሿ መስመር እንኳ ከዚህ አምስት እጥፍ ትበልጣለች። ማንም እጁ ቢሰክን ይህን አይለካም። በዚህ ላይ የግልገል አእምሮ መርዝን የሚያግድ አጥሩ ገና አልጠነከረም። ደግሞ የሚያስቀው፣ ወይም የሚያሳዝነው፣ አይቨርሜክቲን በዚያ መጠን ቁንጫን በወጉ አያጠፋም። ለማይሠራ መድኃኒት ነፍስ ማስያዝ ነው።

ነጭ ጋዝም የተለየ ታሪክ የለውም። ቆዳ ያቃጥላል፤ ተኑም ጠረኑም ትንሽ ሳንባ ይጎዳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ይላሳል። ስለ መላስ እንመለስበታለን።

ጉበትና የዘበኛው ወረቀት

ስለ ድመት አንድ ነገር ጨምሬ ልንገራችሁ፤ ለትልቅ ድመትም የሚሆን ነው። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም ሌላ ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ዕቃ ከግቢ የሚወጣው መውጫ ወረቀት ተቆርጦለት ነው። ወረቀት የሌለው ዕቃ በር ላይ ይቀራል፤ መንገዱንም ይዘጋል። ጉበትም እንዲሁ ነው። ወደ ሰውነት የገቡ ብዙ ኬሚካሎችን አንድ መለያ ይለጥፍባቸውና በሽንት ወይም በሐሞት እንዲወጡ ያደርጋል። ድመት ለብዙዎቹ ኬሚካሎች ያንን ወረቀት የሚቆርጠው ጸሐፊ የላትም። የሥጋ በል ዘር ስለሆነች፣ ከዕፅዋት የሚመጣ መርዝ ብዙም ሳይገጥማት ኖራ፣ ያንን ሥራ የሚሠራው ዘረ መል ከጥቅም ውጭ ሆኗል።

ስለዚህ ፐርሜትሪን የተባለው ኬሚካል ውሻን ከቁንጫ ሲያድን ድመትን ያንቀጠቅጣል፣ ይጥላል፣ ይገድላል። ውሻና ድመት አብሮ የሚያሳድግ ሰው «ከውሻው የተረፈውን» ሲል የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የፐርሜትሪን ዘመዶች በበረሮና በትንኝ መርጫዎች ውስጥም አሉ፤ ስለዚህ ግልገል ባለበት ክፍል ፍሊት አይነፋም። የባህር ዛፍ ዘይትና ሌሎች ሽታቸው የሚያውድ ዘይቶችም በዚያው በር ላይ የሚቆሙ ናቸው። ነጭ ሽንኩርት ያለበት ምግብ ስጧት የሚለው ምክር ደግሞ በሌላ መንገድ ይጎዳል፤ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ደሟ ባለቀ ግልገል ላይ የቀረውን ማፍረስ!

አምስት አፍ፣ አንድ መሶብ

እናትና ግልገሎች አንድ መሶብ ናቸው። እናቲቱ ግልገሎቿን ቀኑን ሙሉ ትልሳለች፤ ለንጽሕና ብቻ ሳይሆን ሽንታቸውና ዓይነ ምድራቸው እንዲወጣም ጭምር፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ እሷ ምላስ ራሳቸውን ማቃለል አይችሉም። ግልገሎቹ በበኩላቸው ሆዷ ላይ ተለጥፈው ይውላሉ። በግልገሏ ጀርባ ላይ የቀባችሁት ነገር ብዙም ሳይቆይ በእናቲቱ ሆድ ውስጥ ነው፤ በእናቲቱ ላይ የቀባችሁት በአራት ትንንሽ አፎች ዙሪያ ነው። አመድ እንኳ እዚህ መሶብ ላይ ንጹሕ አይደለም፤ ደረቁ ሳንባ ይገባል፣ ሲረጥብ ይለበልባል።

ለእናቲቱ የሚሆን መድኃኒት የለም ማለቴ አይደለም። ሴላሜክቲን የተባለው አንገት ላይ የሚንጠባጠብ መድኃኒት፣ ኒተንፓይራም የተባለው እንክብልም፣ ለምታጠባ ድመት እንዲሰጡ የተፈቀዱ ናቸው። እናቲቱ መታከሟ ዋናውን የደም ቀጂ ስለሚቀንስ ለግልገሎቹም እፎይታ ነው። ሐኪሙ ግን እያጠባች መሆኗን መስማት አለበት፤ «ለድመት ነው» ማለት ብቻ አይበቃም። ዕቃው ላይ የውሻ ምስል ካለ መልሱት።

ጨው የምትነሰንሰው ድመት

እስካሁን የተናገርኩት ስለማይደረገው ነው። ጋዙም ጠብታውም ከቀሩ ምን ቀረን? ይህን ለመመለስ ቁንጫ ልጆቿን የት እንደምታሳድግ ማወቅ ያስፈልጋል።

ገጠር ያደገ ሰው የሚያውቀው የሰው ቁንጫ መደብና ወለል ላይ አድፍጦ፣ ዘሎ ነክሶ የሚወርድ ነው። የድመት ቁንጫ ባሕርይዋ ይለያል። ከጎለመሰች በኋላ ድመቷ ላይ ከወጣች እዚያው ትከርማለች፤ እዚያው ትበላለች፣ እዚያው ዕንቁላል ትጥላለች። ዕንቁላሉ ግን አይጣበቅም። ለስላሳና ነጭ ነው፤ ጸጉር መካከል ተንሸራቶ ይወድቃል። አንዲት ቁንጫ በቀን ከ40 እስከ 50 ልትጥል ትችላለች። ድመቷ ስትተኛ፣ ስትላስ፣ ስትነሳ፣ እንደ ጨው መያዣ እየነሰነሰች ነው። ጨዉ የሚበዛው ደግሞ ረጅም ሰዓት በምትተኛበት ቦታ ነው። ወላድ ድመት የት ትተኛለች? መሳቢያዬ ውስጥ፣ ሹራቤ ላይ።

ዕንቁላሉ በቀናት ውስጥ ይፈለፈልና ትል የመሰለ እጭ ይወጣል። እጩ አይናከስም፤ ብርሃን ይሸሻል፣ ወደ ጨርቅ እጥፋት፣ ወደ ምንጣፍ ሥር ይሰርጋል። ምግቡ ምን መሰላችሁ? ያ ሶፍት ላይ የቀላው ደረቅ ደም። እናቶቹ ከላይ ይቀዳሉ፣ ፍርፋሪው ለልጆቹ ይዘንባል። ከዚያ እጩ ድር ፈትሎ ራሱን ይጠቀልላል፤ በትምህርት ቤት ፑፓ ሲባል የሰማችሁት ደረጃ ነው። ድሩ ስለሚያጣብቅ አቧራ ይለብስና ከወለሉ አይለይም።

በብዙ መጻሕፍት የሚጠቀስ ግምት አለ፤ በአንድ ቤት ካለው የቁንጫ ማኅበር ውስጥ ድመቷ ላይ የሚታየው ከመቶው 5 ገደማ ነው። ሌላው 95 ዕንቁላል፣ እጭና ፑፓ ሆኖ አልጋው ውስጥ ነው። እንግዲህ ግልገሏን ጋዝ የቀባ ሰው የሚዋጋው ከአምስቱ ጋር ነው፤ የጦር ሜዳው ደግሞ 100 ግራም የሚመዝን ገላ። ዘጠና አምስቱ ያሉት መታጠብ፣ መቀቀል፣ ፀሐይ ላይ መሰጣት በሚችል ጨርቅ ላይ ነው! ጨርቅ ደግሞ የቱንም ያህል ሙቅ ውሃ ቢፈስበት አይሞትም።

ሐዋሳ ለዚህ ማኅበር የተመቸች ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሐይቅ ዳር፣ ቅዝቃዜዋ የማይበረታ። እጭ ሙቀትና እርጥበት ይወዳል፤ ደረቅ አየርና ቀጥተኛ ፀሐይ ያጠወልገዋል። በርሲሳ ኩምሳ የተባሉት የእንስሳት ሕክምና ተመራማሪና ባልደረባቸው በ2008 እና 2009 እ.ኤ.አ. እዚሁ ሐዋሳ ውሾችንና ድመቶችን እየገለጡ መርምረው ነበር። በ2011 ባሳተሙት ጥናት መዥገር ወይም ቁንጫ ወይም ቅማል ያልተገኘበት ውሻ የለም ለማለት ትንሽ ቀርቶታል፤ ከድመቶቹም ከ10ሩ ከ9 በላይ የሚሆኑት ተሸካሚዎች ነበሩ። ስለዚህ ቤታችሁ ቁንጫ ሲገኝ አትፍሩ፣ አትፈሩበት፤ የከተማው ወግ ነው። እኚሁ ተመራማሪ ከሌሎች ጋር በ2014 ባወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ በማዕከላዊ ኦሮሚያ ከውሻና ከድመት በተለቀሙ ቁንጫዎች ውስጥ ሰውን ሊያሳምሙ የሚችሉ ባክቴሪያዎች ተገኝተዋል። ቁንጫን በጥፍር ጨፍልቆ እጅን ሳይታጠቡ መቅረትን የምቃወመው ለዚህ ነው።

ሚዶ፣ ላርጎና ሃይላንድ

ሥራው እንዲህ ነው የተሠራው። ለራስ ቅማል የሚሸጠውን ጥርሱ የጠበበ ሚዶ ገዛሁ። በጎድጓዳ ሳህን ሙቅ ውሃ ሞልቼ ላርጎ ጠብ አደረግሁበት። ላርጎው መርዝ ሆኖ አይደለም፤ ቁንጫ ንጹሕ ውሃ ላይ ትንሳፈፋለች፣ ዘላም ትወጣለች፤ ሳሙና የውሃውን ገጽ ስለሚያላላው ትሰምጣለች። ግልገሏን በፎጣ ይዞ ከአንገት ወደ ጭራ ማበጠር፣ ሚዶውን ሳህኑ ውስጥ መንከር፣ እንደገና ማበጠር። በቀን ሁለት ጊዜ፣ እናቲቱንም ጭምር። እናቲቱ መጀመሪያ ላይ በጥፍሯ ተቃወመች፤ ሦስተኛው ቀን ላይ አገጯን ቀና አድርጋ ተራዋን መጠበቅ ጀመረች።

ቁንጫው በሚዶ የማይገፋ ከሆነ አንድ ጊዜ ማጠብ ይቻላል፤ ግን በምዕራፍ 3 ስለ ጫጩት የተባባልነውን አትርሱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግልገልም እንደ ጫጩት ሙቀቷን ራሷ አትጠብቅም፤ መንቀጥቀጥ እንኳ አትችልም። ስለዚህ ውሃው የሕፃን ገላ እንደሚታጠብበት በክርን ይለካል። ከሁሉ አስቀድሞ አንገቷ ዙሪያ የለዘበ ሳሙና አረፋ ይደረጋል፤ አለዚያ ቁንጫው ሁሉ ከውሃው ሸሽቶ ዓይኗና ጆሮዋ ላይ ይሰበሰባል። ራሷ አይነከርም። በአንድ በሁለት ደቂቃ አውጥቶ በፎጣ አድርቆ፣ ሙቅ ውሃ የተሞላና በጨርቅ የተጠቀለለ ሃይላንድ አጠገብ ማስተኛት ነው። አንዷ ሳትደርቅ ሌላዋ አትነካም።

ከዚያ አልጋው። ሹራቤን በአሮጌ አንሶላ ተካሁት፤ ሱፍና ጋቢ ለእጭ ጫካ ናቸው፣ አንሶላ ግን ሜዳ ነው። በየሁለት ቀኑ ይቀየራል። ሲነሳ አይራገፍም! ዳርና ዳሩ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ በቀጥታ የፈላ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ይገባል፤ ቀጥሎ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ። ከድሮው አንሶላ መዳፍ የምታህል ንጹሕ ቁራጭ ትቼ አዲሱ ሥር አስቀምጥ ነበር፤ ሽታዋ ጨርሶ የጠፋበት ቤት ለድመት የሰው ቤት ነው፣ ግልገሎቿን በአፏ አንጠልጥላ ወደማታውቁት ጉድጓድ ልትሄድ ትችላለች። መሳቢያው በጨርቅ ተወለወለ፤ የፕላስቲክ ምንጣፉ ተነስቶ ሊሾው በሙቅ ውሃ ታጠበ። ምንጣፉ ሥር ያየሁትን አልናገርም።

ሦስተኛው ሳምንት

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሳህኑ ውስጥ ሁለት ቁንጫ ብቻ ተገኘ። ደስ አለኝ። በዚያው ሰሞን ቁም ሳጥኑን ገፍተን ቦታ ስናቀያይር ዋልን፤ በማግስቱ ዘጠኝ ቆጠርኩ። እማማ ወገባቸውን ይዘው፣ «አላልኩሽም? ጋዝ ነበር» አሉ።

ጉዳዩ ፑፓው ነበር። በድሩ ውስጥ ያለች ቁንጫ ውሃም ሳሙናም ብዙ መርዝም በቀላሉ አይደርስባትም፤ ጎልምሳ እንኳ ሳትወጣ ለሳምንታት፣ ሲመቻት ለወራት ትቆያለች። ልክ ጠዋት ነቅቶ አልጋው ውስጥ የቡና ሙቀጫ ድምፅ እንደሚጠብቅ ሰው ናት። የእግር ኮቴ፣ የእንስሳ ትንፋሽና ሙቀት ሲሰማት በቅጽበት ትነሳለች። ለበዓል ተዘግቶ የከረመ ቤት ስትገቡ እግራችሁን የሚወርራችሁ ይህ ነው። የዕቃው ግፊያ የተኙትን ቀስቅሶ ነበር። የነቁት ግን አዲስ ዕንቁላል ሳያበዙ በሚዶው ተለቀሙ፤ ሥር አልነበራቸውም።

በዚህ ሁሉ መካከል ግልገሎቹን በየቀኑ መንገድ ዳር ያለው የባልትና ሱቅ ሚዛን ላይ አስመዝን ነበር። ጤነኛ ግልገል በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም ትጨምራለች፤ መጨመር ስታቆም ድዷን ከማየታችሁ በፊት ሚዛኑ ይናገራል። ባለ ሱቁ መጀመሪያ ቀን «ይህችን በኪሎ ስንት ልበላት?» ብሎ ቀለደ፤ በኋላ ግን ቁጥሩን ራሱ ይጽፍልኝ ጀመር።

ስምንት ሳምንት ሲሞላቸው ቁጥሩ የተጻፈበትን ወረቀት ይዤ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው፤ አብዛኞቹ የድመት ቁንጫ መድኃኒቶች ከዚያ ዕድሜ በታች አይታዘዙም። ሐኪሙ ግልገሎቹን ከማየቱ በፊት ወረቀቱን አነበበ። ለሦስቱ መድኃኒት ጻፈ። አራተኛዋ፣ ያቺ ሆዷ ላይ የመጀመሪያዋን ነጥብ ያየሁባት፣ ገና 640 ግራም ነበረች። «እሷ ትቆይ፤ ሚዶው ይቀጥል» አለኝ።